ለአንድ ቅዳሜ ልምምድ 100 ሺህ ወንበር?

በ2016 ኤፕሪል ወር፣ አሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ 100,189 ሰው አንድ ስታዲየም ገባ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋንጫ አልነበረም። ተጋጣሚ ቡድንም አልነበረም። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ ሲጫወት ለማየት ነው ያ ሁሉ ሕዝብ የመጣው። በቀላል አማርኛ፣ ልምምድ ለማየት! ለማነፃፀር ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ የሚገነባው የአደይ አበባ ስታዲየም ሲያልቅ የሚይዘው 60 ሺህ ገደማ ሰው ነው።

የምማረው አሜሪካ ውስጥ ስለሆነ እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ለማየት ሄጄ ነበር። እውነቱን ልናገርና የሄድኩት መግቢያው ነፃ ስለነበር ነው። አብራኝ የነበረችው የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ዙሪያውን አየችና፣ «ይሄ ሁሉ አርማታ ለዚህ ነው?» አለች። ሁለታችንም የምንማረው ስትራክቸራል ኢንጂነሪንግ ስለሆነ ጥያቄዋ ቀልድ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ቤት ስገባ ወረቀት አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ። ዛሬ ያንን ስሌት ከእናንተ ጋር ልድገመው።

መጀመሪያ ግን ስለ ጨዋታው። ፉትቦል ስል እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም፤ የራስ ቁር ለብሰው፣ ሞላላ ኳስ በእጃቸው ይዘው የሚጋጩበትን ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር ኦገስት መጨረሻ ላይ ይጀምርና ኖቬምበር መጨረሻ አካባቢ መደበኛው ዙር ያልቃል። አንድ ቡድን በመደበኛው ዙር 12 ጨዋታ ያደርጋል፤ ከነዚህ ውስጥ በሜዳው የሚጫወተው ብዙውን ጊዜ ሰባቱን ነው። በፀደይ ወራት ደግሞ ደንቡ 15 የልምምድ ቀን ይፈቅዳል። ከነዚህ የመጨረሻውን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሕዝብ ክፍት አድርገው «የፀደይ ጨዋታ» ይሉታል። የነጥብ አያያዙ እንኳ አንዳንዱ ጋ የራሱ ፈጠራ ነው፤ ተከላካዮች ኳስ ስላስጣሉ ብቻ ነጥብ ይሰጣቸዋል።

አሁን ስለ ስታዲየሞቹ። አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ መቀመጫ ያላቸው የዩኒቨርሲቲ ስታዲየሞች ስምንት ያህል ናቸው። የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ገንዘብ የሞላው የፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ በመደበኛ አቀማመጡ 100 ሺህ የሚደርስ ስታዲየም አንድም የለውም። ትልቁ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ 107,601። ቀጥሎ የፔን ስቴት፤ በ2024 106,572 ነበር። ፔን ስቴት በ2024 ይህንን ስታዲየም ለማደስ 700 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። አዲስ ለመሥራት አይደለም፣ ለማደስ ነው።

እስቲ በዚህ ቁጥር እናስላ። የብድሩ ሁኔታ የኔ ግምት ነው፣ የዩኒቨርሲቲው ትክክለኛ ውል አይደለም። 700 ሚሊዮን ዶላር በ5 በመቶ ወለድ ተበድረን በ30 ዓመት እንከፍላለን እንበል። ለእንዲህ ዓይነት ብድር የሚከፈለው ዓመታዊ መጠን ከዋናው ገንዘብ 6.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በየዓመቱ 45.5 ሚሊዮን ዶላር። በሰባት ጨዋታ ስናካፍለው ለአንድ ጨዋታ 6.5 ሚሊዮን፣ እሱን ደግሞ በመቀመጫው ብዛት ስናካፍለው ለአንድ ወንበር ለአንድ ጨዋታ 61 ዶላር። ይሄ ዕዳው ብቻ ነው። የአሠልጣኝ ደመወዝ፣ የፖሊስ፣ የመብራት፣ የጽዳት ገና አልተነካም።

እዚህ ላይ የፀደይ ጨዋታ ደጋፊዎች እንዲህ ይላሉ፦ «ስምንተኛ ቀን ከጨመርንበት ወጪው ይቀንሳል አይደል?» እሺ፣ በስምንት እናካፍል። 61 የነበረው ወደ 53 ዶላር ይወርዳል። ጥሩ ይመስላል! ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። የወረደው አማካዩ ነው እንጂ ሂሳቡ አይደለም። ባንኩ አሁንም 45.5 ሚሊዮኑን ይጠብቃል። ሂሳቡን የሚቀንሰው በዚያ ስምንተኛ ቀን በር ላይ የተሰበሰበ ገንዘብ ብቻ ነው። ትኬቱ ደግሞ ወይ ነፃ ነው ወይ ርካሽ። 60 ሺህ ሰው 10 ዶላር ቢከፍል እንኳ 600 ሺህ ዶላር ይሆናል፤ ከዓመታዊው ዕዳ 1.3 በመቶ ማለት ነው። ከሱም ላይ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ይከፈላሉ። አማካይ እንዲህ እያለ ያታልላል። ላቦራቶሪ ውስጥም ብዙ ጊዜ አታሎኛል።

በሰዓት ብታሰሉት ደግሞ ይብሳል። አንድ ጨዋታ አራት ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ ሰባቱ 28 ሰዓት ናቸው። ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። ስታዲየሙ በሙሉ አቅሙ የሚሠራው ከዓመቱ 0.3 በመቶውን ብቻ ነው ማለት ነው። የፀደይ ጨዋታው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቢጨምርበት ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር እንኳ ብዙም አይነቃነቅ።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሂሳብ አያውቁም? ያውቃሉ። ስታዲየም የሚለካው በአማካይ ቀን ሳይሆን በጫፍ ቀን ነው። የመብራት ኃይልን አስቡ። የበዓል ዋዜማ ማታ የሰፈሩ ምጣድ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲሰካ ትራንስፎርመሩ ያንን መቻል አለበት። በሌላው ቀን ግማሹ አቅም ሥራ ፈት ነው። የኃይል መሐንዲሶች ይህንን ችግር ለዘመናት ሲታገሉት ኖረዋል፤ በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሠሩ ማመንጫዎችም አሉ። የስታዲየሙ በዓል ደግሞ ዋናው ባላንጣ የሚመጣበት ቅዳሜ ነው። ለምን ሁለት ዩኒቨርሲቲ አንድ ስታዲየም አይጋራም ብትሉ፣ ሁሉም የሚጫወተው በዚያው ቅዳሜ ስለሆነ ነው። የእድር ድንኳን ከቤት ቤት የሚዞረው የሁላችንም ድግስና ሀዘን በአንድ ቀን ስለማይውል ነው፤ እዚህ ግን ይውላል።

አሁን ወደ ምወደው ክፍል መጣን፤ ወደ ራሱ አወቃቀሩ።

የሚሺጋን ስታዲየም በ1927 ሲከፈት 72 ሺህ ሰው እንዲይዝ ተደርጎ ነበር የተሠራው፤ የፈጀውም 950 ሺህ ዶላር ነው። የዶላሩ ዋጋ እንደዛሬው አልነበረም፣ ቢሆንም ርካሽ ነበር። ለምን? ምክንያቱም አብዛኛው መሬት ውስጥ ተቆፍሮ የተሠራ ስለሆነ። ከውጭ ስታዩት ያን ያህል ትልቅ አይመስልም፤ በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ነው እግራችሁ ሥር ግዙፍ ጎድጓዳ ሳህን የሚከፈተው። እንዲህ ሲሆን የተመልካቹን ክብደት የሚሸከመው ራሱ አፈሩ ነው፤ በቁፋሮው ተዳፋት ላይ ሶሌታ ይነጠፋል፣ ወንበር ይተከላል፣ በቃ። ያስገነባው ፊልዲንግ ዮስት ደግሞ አርቆ አሳቢ ነበር፤ ስታዲየሙ አንድ ቀን ከ100 ሺህ በላይ እንዲያድግ መሠረቱን አስቀድሞ አስጥሎለት ነበር።

ወደ ላይ ስትወጡ ግን ነገሩ ይቀየራል። ሁለተኛው ደርብ አፈር አይሸከመውም። ኮለን ይፈልጋል፣ ቢም ይፈልጋል፣ ደረጃና ሊፍት ይፈልጋል፣ ሕዝቡ በድንገተኛ አደጋ ጊዜ በፍጥነት የሚወጣበት መንገድ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በሙዚቃ እኩል ይዘላል። በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል እኩል የሚዘል ሕዝብ፣ ደርቡ ራሱ ከሚወዛወዝበት ፍጥነት ጋር ከገጠመ መዋቅሩ ከሕዝቡ ጋር መደነስ ይጀምራል። ይህንን ለመከላከል ተጨማሪ ብረትና ኮንክሪት ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 40 ሺህ ወንበሮች ርካሽ፣ የመጨረሻዎቹ 30 ሺህ ወንበሮች ደግሞ ውድ ናቸው።

እንግዲህ የፀደይ ጨዋታ ተመልካች የሚቀመጠው የት ነው? ታች! 30 ወይም 40 ሺህ ሰው ሲመጣ ሁሉም ሜዳው አጠገብ ነው የሚፈልገው፤ የላይኛው ደርብ ብዙ ጊዜ ጭራሹን ተዘግቶ ይውላል። እኔና ባልደረባዬ የተቀመጥነው ከሜዳው አሥራ ምናምነኛ ረድፍ ላይ ነበር፤ በላይኛው ደርብ አንድም ሰው አልነበረም። እኔን ያሳመነኝ ከገንዘቡ ስሌት በላይ ይሄ ነው። ስለ ትልቅ ስታዲየም ወጪ ስንጠይቅ ጥያቄው ስለ መጨረሻዎቹ ውድ ወንበሮች ነው፤ የፀደይ ጨዋታው ደግሞ እነሱን አይነካቸውም። በርካሾቹ ላይ ተቀምጦ ውዶቹን ሊያስተባብል አይችልም።

በርግጥ እንደ ኦሃዮ ስቴት ያሉ ቀናት አሉ። አላባማ ዩኒቨርሲቲም በ2007 ኒክ ሴባን አዲስ አሠልጣኝ ሆኖ ሲመጣ የፀደይ ጨዋታውን 92,138 ሰው አይቶታል። ግን አዲስ አሠልጣኝ በየዓመቱ አይመጣም፤ ስታዲየም ደግሞ ለሃምሳና ለመቶ ዓመት ነው የሚሠራው።

ሰዎች የሚያነሱት ሌላ ክርክር አለ፤ «ባዶ ከሚቀመጥ ይሠራበት» የሚል። በዚህኛው እስማማለሁ፣ ምክንያቱም አርማታ ከተመልካች አያረጅም ማለት ይቻላል። ስታዲየምን የሚያስረጀው ውሃ ነው። ውሃ ወደ ኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ይገባና ሲቀዘቅዝ መጠኑ በ9 በመቶ ያድጋል፤ ከውስጥ ሆኖ ይገፋል፣ ይሰነጥቃል፣ ይቀልጣል፣ እንደገና ይገባል። በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው ደግሞ ፌሮው ጋ ይደርስና ያዝገዋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጨዋታ ኖረም አልኖረም ነው። ስለዚህ በሩን ለአንድ ቅዳሜ መክፈት ስታዲየሙን አይጎዳም። በሰሜኑ ክፍል ያሉት ብዙዎቹ ስታዲየሞች ለክረምት ጨዋታ ስላልተሠሩ ቱቦዎቻቸው እንዳይፈነዱ ውሃው ይዘጋ ነበር። ፔን ስቴት በዲሴምበር 2024 በሜዳው የውድድር ጨዋታ ሲያስተናግድ ቱቦዎቹን ከቅዝቃዜ ለመጠበቅ የተለየ ሥራ መሥራት ነበረበት።

እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉን፤ ሰዉ የሚያምታታቸውም እነሱን ነው። አንደኛው፣ ኮንክሪቱ ሳይፈስ በፊት፦ ይህን ያህል እንሥራ? ሁለተኛው፣ ከፈሰሰ በኋላ፦ እንክፈተው? ለሁለተኛው መልሴ «አዎ፣ ክፈቱት» ነው። በመደበኛው ወቅት ትኬት የማይቀምሱ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው የሚገቡበት ብቸኛው ቀን እሱ ሊሆን ይችላል። እኛ አጠገብ ሁለት ልጆች ይዞ የተቀመጠ አባት ነበር፤ ልጆቹ ስለ ነጥቡ ግድ አልነበራቸውም፣ ስታዲየሙን ዞረው ዞረው አልጠግብ አሉ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ግን የፀደይ ጨዋታ መልስ ሊሆን አይችልም። «ሆቴሎቹ ይጠቀማሉ» የሚሉም አሉ። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ትንሿን የዩኒቨርሲቲ ከተማ በርግጥ ይጠቅማል። የከተማው ነዋሪ የሚያወጣው ገንዘብ ግን በዚያ ቅዳሜ ሌላ ቦታ፣ ፊልም ቤት ወይም ምግብ ቤት፣ ይወጣ የነበረ ነው፤ ቦታ ነው የቀየረው። ስታዲየም ያጠኑ አብዛኞቹ ኢኮኖሚስቶችም ለከተማ ዕድገት ያመጣል የሚባለው ጥቅም የተጋነነ መሆኑን ነው የሚያገኙት።

የላይኛውን ደርብ በእውነት የሚሞሉት ሌሎች ነገሮች ናቸው። በኦገስት 2014 ማንቸስተር ዩናይትድና ሪያል ማድሪድ ሚሺጋን ላይ ሲጫወቱ 109,318 ሰው ገብቷል። በኦገስት 2023 ነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድኑን ወደ ፉትቦል ስታዲየሙ አውጥቶ 92,003 ሰው ሰበሰበ። በጁን 2024 ደግሞ ጆርጅ ስትሬት የተባለው የካንትሪ ዘፋኝ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ስታዲየም ውስጥ 110,905 ትኬት በሸጠበት ምሽት ዘፈነ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ሙሉ ዋጋ ከፍለዋል፣ ላይም ድረስ ተቀምጠዋል። የስታዲየም ዕዳ ያለበት ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ማሰብ ያለበት ስለ እንዲህ ዓይነት ምሽቶች ነው።

ስሌቱ ሲበላሽስ ማን ይከፍላል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ለተማሪ የሚያገባው። ካሊፎርኒያ በርክሊ ያለው ስታዲየም በ1923 የተከፈተው ሄይዋርድ በሚባለው የመሬት ስንጥቅ ላይ ነው። አዎ፣ ስንጥቁ በሜዳው ሥር ያልፋል። ከ2010 እስከ 2012 የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም 321 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ታደሰ። ምህንድስናው ድንቅ ነው፤ ስንጥቁ የሚያልፍባቸው የስታዲየሙ ክፍሎች ከሌላው ተነጥለው በአሸዋና በፕላስቲክ ንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ መሬቱ ሲንሸራተት ራሳቸውን ችለው እንዲንቀሳቀሱ። የገንዘቡ ዕቅድ ግን እንደ ምህንድስናው አልተሳካም። ለብዙ ዓመት የሚያገለግል የመቀመጫ መብት ለባለሀብት ደጋፊዎች ተሽጦ ዕዳው ይሸፈናል ተብሎ ነበር፤ የሚገዛ ሰው ከታሰበው በታች ሆነ። በኋላም ከዕዳው ከፊሉ ከስፖርት ክፍሉ ወደ ራሱ ዩኒቨርሲቲው ትከሻ ተዛወረ። ያ ማለት ለላቦራቶሪና ለመምህር ሊውል ይችል ከነበረ ኪስ ማለት ነው። የፀደይ ጨዋታ ትኬት ይህንን አይሞላም።

ከ2025 ወዲህ ደግሞ ጫናው ጨምሯል። በዚያ ዓመት ጁን ላይ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች ተጫዋቾቻቸውን በቀጥታ መክፈል ጀመሩ፤ ጣሪያው በመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ካሰላነው የ45.5 ሚሊዮን ዓመታዊ ዕዳ ጋር አነፃፅሩት። በግሌ፣ ጭንቅላታቸውን እያጋጩ ትርዒቱን የሚያሳዩት ልጆች ድርሻ ማግኘታቸው ተገቢ ነው እላለሁ።

በዚሁ 2025 የፀደይ ጨዋታው ራሱ መጥፋት ጀመረ። ነብራስካ በዚያ ዓመት ተወው፤ አሠልጣኙ ማት ሩል የፈራው፣ ጨዋታው በቴሌቪዥን ሲታይ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጎበዝ ተጫዋቾቹን አይተው እንዳያባብሉበት ነው። አሁን ተጫዋች ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ቀላል ስለሆነ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ቴክሳስም ተወው፤ እዚያ ምክንያቱ ውድድሩ ስለረዘመ የተጫዋቾቹ አካል መድከሙ ነው። እንደ መሐንዲስ ሳየው ይሄ ጥሩ የተፈጥሮ ሙከራ ነው፤ ጨዋታው ሲሰረዝ የስታዲየሙ ዕዳ በአንድ ሳንቲም እንኳ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ዕዳውን ተሸክሞት ቢሆን ኖሮ ሲወርድ ይሰማን ነበር።

«ታዲያ ትንሽ መሥራት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ባልደረባዬም ያለችው ይህንኑ ነው። ችግሩ፣ ትንሽ ማለት ርካሽ ማለት አለመሆኑ ነው። ቺካጎ አጠገብ ያለው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ 47 ሺህ ሰው የሚይዘውን አሮጌ ስታዲየሙን አፍርሶ በምትኩ የመረጠው 35 ሺህ ሰው የሚይዝ ነው። ወጪው ግን ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ለአንድ ወንበር ከ22 ሺህ ዶላር በላይ ይደርሳል፤ የፔን ስቴት እድሳት ለአንድ ወንበር 6,600 ዶላር አካባቢ ነው። (አንዱ አዲስ ግንባታ፣ ሌላው እድሳት ስለሆነ ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አይደለም።) ምክንያቱ፣ የዛሬ ስታዲየም ገንዘቡን የሚያወጣው በወንበር ብዛት ላይ ሳይሆን በምቾት ላይ መሆኑ ነው፤ ጣሪያ፣ ሰፊ መተላለፊያ፣ ለባለሀብት የተዘጋጁ ክፍሎች። እነዚያ ክፍሎች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ለስብሰባና ለሠርግ ይከራያሉ።

ይህንን ለባልደረባዬ ስነግራት ትንሽ አሰበችና፣ «እነዚያ ሁለት ልጆችስ? እዛኛው ስታዲየም ውስጥ የሚቀመጡት የት ነው?» አለችኝ። ወረቀቴ ላይ ለሷ ጥያቄ የሚሆን ረድፍ አልነበረም።